ለቻይና የተፈቀደው ማዕድ

አባትህ ሰው ሁሉ እያየ በገዛ እጃቸው ወደ አፍህ ያመጡትን ጉርሻ ብትመልስባቸው፣ ጽድቅ ነው ወይስ ነውር? ቶሎ አትመልስ። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡት ቶሎ የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ቶሎ «ጽና» አሉ፤ ሌላው ቶሎ ጸና፤ ሽማግሌው አባት ደግሞ እጃቸውን እንደዘረጉ ስድስት ዓመት ቀሩ።

ሽማግሌው አቶ ዶላሞ ይባላሉ። ከጂንካ በላይ፣ የነሪን ወንዝ ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጡ፣ እንሰትና ቡና የከበበው ግቢ አላቸው። ልጃቸው ሻንቆ እታች ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። አቶ ዶላሞ እንደ ዳገቱ ሰው ሁሉ አሪ ናቸው፤ የወንጌል አማኝም ናቸው፤ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ ከጎረቤት ጋር ጓዳ ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ሻንቆ ግን ሶዶ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ሲመለስ ካቶሊክ ሆኖ ተመለሰ።

ጂንካ ውስጥ ካቶሊክ መሆን ከየአቅጣጫው መመታት ነው። ኦርቶዶክሱ «ወተት እየጠጣችሁ ምን ጾም ነው?» ይልሃል። ወንጌል አማኙ «ጌታ ነጻ ያወጣውን ሆድ አንተ መልሰህ ታስራለህ?» ይልሃል። የትምህርት ቤቱ ካድሬ ደግሞ ሦስታችሁንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ኋላ ቀር ያደርጋችኋል። ሻንቆ ለሦስቱም መልስ ነበረው። ሲናደድ ድምፁ ይቀጥናል፣ ጣቱ ወደ ሰው ፊት ይሄዳል፤ ክርክር ላይ ተሸንፎ የተነሣበትን ቀን የሚያስታውስ ባልደረባ አልነበረም። ብቻ ይህ ሁሉ መልስ ቤቱ ብቻውን ሲገባ የትም አያደርሰውም ነበር።

በአቶ ዶላሞ ቤት አንድ ልማድ አለ። ዘመድ በሚሰበሰብበት ቀን በሬ ይታረዳል፤ የቤቱ ታላቅ ጉበቱን በፍም ጠብሶ፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ ለእያንዳንዱ በእጁ ያጎርሳል። አልጎርስም ያለ ሰው «በዚህ ቤት ላይ ቂም አለኝ» ብሏል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ወንጌሉ ሲመጣ አቶ ዶላሞ ከአባቶቻቸው ነገር ብዙውን ጥለዋል፤ ይህን ግን «ይህ የሰይጣን አይደለም፤ የአባቴ እጅ ነው» ብለው ያዙት።

በሰባ ሁለት ዓ.ም. የወንድማቸው ልጅ ከኦጋዴን በሕይወት ተመልሶ ዘመድ ሲሰበሰብ ቀኑ ዓርብ ዋለ፤ ዓርቡም በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። ሻንቆ በዐቢይ ጾም ዓርብ ሥጋ አይቀምስም። ከመሄዱ በፊት የካቶሊኩን ቄስ «ልጽና ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጽና» አሉት። ጸና። የአባቱ እጅ ወደ አፉ ሲመጣ ፊቱን አዞረ። ፊት ማዞር ብቻ እንኳ አልበቃውም፤ በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት ቆሞ ስለ ጌታ ስቃይና ሥጋን ስለ መግዛት ንግግር አደረገ። ያማረ ንግግር ነበር ይላሉ። አቶ ዶላሞ እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ጉርሻውን መልሰው ፍሙ ላይ ጣሉትና ቀጣዩን ልጅ ጠሩ።

ከዚያ በኋላ አልጠሩትም። አልረገሙትም፣ አልሰደቡትም፤ አልጠሩትም ብቻ። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ሳለ ሚስት የምትጠየቅለት ቤት ነበረ፤ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድለት አባት ግን አልነበረውም።

በሰባ ስምንት መጋቢት ቅዳሜ ገበያ፣ ታላቅ እህቱ አስካል ጎመኗን ሸጣ ስታበቃ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው ክፍሉ መጣች። አልተቀመጠችም። ባዶ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ ይምጣ ብለዋል።»

ሻንቆ የተማሪ ደብተር ሲያርም ነበር። እስክሪብቶው እጁ ላይ ቀረ። «ማንን?»

«እኔም እንደዚሁ ነው ያልኳቸው። ‹ሻንቆም ይምጣ› ሲሉ ጆሮዬን ተጠራጥሬ ‹የቱ ሻንቆ?› አልኳቸው። ‹ሻንቆ የሚባል ስንት ልጅ አለኝ?› አሉኝ።»

«ምን ተገኘና ነው?»

«ቤቱ ሊፈርስ ነዋ። ለመንደር ምሥረታው ተራው የእኛ ሰፈር ደርሷል። ክዳኑም ማገሩም ተነቅሎ ወደ ሜዳው ሊወርድ ነው፤ ሁላችንም በመስመር ልንደረደር። አባባ ‹ከዚያ በፊት ዘመዴ ሁሉ እዚህ ግቢ አንድ ጊዜ ይብላልኝ› አሉ።»

«መቼ ነው?»

«ዓርብ።»

ሻንቆ ከወንበሩ ብድግ አለ። አስካል አየችውና ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«አንተ መምህር፣ ዓርብ ስትባል እባብ እንዳየ ሰው ትደነግጣለህ። ምን አደረገችህ ዓርብ? ቀኑን አባባ አልመረጡትም። ቅዳሜ ጠዋት ማፍረስ ጀምሩ ተብለናል።»

«እሄዳለሁ አላልኩም። አልሄድምም አላልኩም።»

«ና ብቻ።» ቅርጫቷን አነሣች። «አፍህን ዘግተህ ና። ሌላውን ለአባባ ተውላቸው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ቢያዳምጣት ኖሮ ይህ ታሪክ አይጻፍም ነበር። ሻንቆ ግን ሰው ሲናገር መልሱን የሚያዘጋጅ እንጂ የሚያዳምጥ አልነበረም። እሷ ከበሩ ሳትርቅ ከራሱ ጋር ክርክር ጀመረ። ባይጾም ባዶ ተከራካሪ ሊሆን ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲናገር የኖረው ሁሉ አፈር ሊበላ ነው። ቢጾም አባቱ ዳግመኛ አይጠሩትም፤ ቤቱም ፈርሶ፣ ግቢውም ጠፍቶ፣ የሚመለስበት ደጅ እንኳ አይኖረውም። ደብተሩን ከደነ፣ ከፈተ፣ መልሶ ከደነ። ወጥቶ በሜዳው ዳር ተራመደ። አውሮፕላን የማይመጣበት ቀን ስለሆነ ከብቶች ሣሩ ላይ ተኝተዋል፤ በመካከላቸው ወዲያ ወዲህ ሲል አንዲት ላም እንኳ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው።

ሰኞ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ነጋሽ አገኘው። ነጋሽ የሂሳብ መምህር ነው፤ ኦርቶዶክስ ነው፤ ከሻንቆ ጋር መነታረክ እንደ ምሳ የሚርበው ሰው ነው።

«ዛሬ ፊትህ ምን ሆነ? ወተቱ ኮመጠጠብህ?»

ሻንቆ በሌላ ቀን ቢሆን ጣቱን ያነሣ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሳያስበው ሁሉንም ነገረው። ነጋሽ አዳመጠና ጠመኔውን ከእጁ ላይ እያራገፈ እንዲህ አለ፦

«ታዲያ ምን ትጨነቃለህ? ሄደህ አባ ቻይናን ጠይቃቸው። እሑድ እሑድ በድምፅ ማጉያ ‹ቻይና ለበዓሉ ጾም ይፈታ ነበር› እያሉ እኛን ሳይቀር ያሰሙን የለ? ለቻይና የተፈታ ለአሪ አይፈታም?»

ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሻንቆ በቀጥታ ወደ ካቶሊኮቹ ጸሎት ቤት ሄደ።

አባ ቻይና የጥምቀት ስማቸው ሌላ ነው፤ ጂንካ ውስጥ ግን በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። ያኔ «ጽና» ያሉት ቄስ እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ቻይና ገብተው ሲያገለግሉ ኖረው፣ አብዮቱ ሲመጣ ተባረሩ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላ እኛ ዘንድ ደረሱ። «ከአንዱ አብዮት ሸሽቼ ሌላው እቅፍ ውስጥ ገባሁ» እያሉ ይስቃሉ፤ ካድሬ በሌለበት። ስብከታቸው ከየትም ይጀምር፣ ቻይና ሳይደርስ አይመለስም። ሻንቆ ያውቀዋል፤ ምክንያቱም እሑድ እሑድ አጠገባቸው ቆሞ አማርኛቸውን ከገጠር ለሚመጡት ምእመናን ወደ አሪ ቋንቋ የሚተረጉመው እሱ ነው። የቻይናውን አዲስ ዓመት በገዛ አፉ ስንት ጊዜ ተርጉሞታል። ተረጎመው እንጂ አልሰማውም።

ከጸሎት ቤቱ ጀርባ የተሰነጠቀ የውኃ ቱቦ በጎማ ሲጠቀልሉ አገኛቸው።

«አባ፣ ያን የቻይናውን አዲስ ዓመት እስቲ እንደገና ይንገሩኝ።»

ቄሱ ቀና አሉ፤ ፊታቸው በራ። ይህን ታሪክ ሳይጠየቁ ሲናገሩት ኖረዋል እንጂ ንገሩን ያላቸው ሰው አልነበረም።

«የእነሱ አዲስ ዓመት በጨረቃ ነው የሚቆጠረው። አንዳንዴ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። የተበተነ ልጅ ሁሉ በጀልባም በእግርም ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። መቃኑ ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፋሉ። ሴቶቹ የተከተፈ ሥጋ በስስ ሊጥ እየጠቀለሉ ያመሻሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ገበታ ይቀመጣል። አያት በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ከሳህኗ እያነሣች ለልጅ ልጆቿ ታጎርሳለች። አልበላም ማለት የለም። ‹አንቺ አያቴ አይደለሽም› ማለት ነው።»

«ክርስቲያኖቹስ?»

«ጳጳሳችን አስቀድመው ያስነግሩ ነበር። ለዚያ ቀን ጾሙ ተነሥቷል፤ ከወገናችሁ ጋር ብሉ፤ በፈንታው ሌላ ቀን ጹሙ፣ ለድሃ ስጡ። ጳጳሱ ራሳቸው ቻይናዊ ነበሩ። ከዚያው ገበታ ጎርሰው ያደጉ ሰው።»

«አባ፣ አባቴ ዓርብ ጠርተውኛል። በሬ ይታረዳል።»

«ብላ» አሉ አባ ቻይና። ጎማውን ጠበቅ አድርገው አሰሩት። «ፈቅጄልሃለሁ። የአባት ማዕድ ነው። ሰኞ ትጾማለህ፣ አንድ የተራበ ሰው ታበላለህ። እስቲ ያችን ሽቦ አቀብለኝ።»

ሻንቆ ሽቦዋን አቀበላቸው። ሲመጣ ከመጽሐፍ የሚጠቅሰውን ደርድሮ፣ እሺ ቢሉ የሚለውን፣ እምቢ ቢሉ የሚለውን አሰናድቶ ነበር። በትከሻው ሊገፋው የመጣው በር ሳይነካው ተከፈተና ተንገዳገደ። መጀመሪያ ደስ አለው። ጸሎት ቤቱን አልፎ ወደ ገበያው ሲወርድ ግን አንድ ነገር ጫማው ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁረው ጀመር። እንዲህ ቀላል ነበር? ረገጠው፣ አለፈው። ዓርብ እስኪደርስ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ በልቡ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስ ነበር፦ አሁን እጃቸውን አልመልስም፤ ከሁሉ ቀድሜ እጎርሳለሁ፤ ያዩኛል።

ዓርብ ዳገቱን ወጣ። ግቢውን ከሩቅ ለይቶ አላወቀውም፤ የማድ ቤቱ ክዳን ከቀኑ ቀድሞ ተገፎ ማገሩ ራቁቱን ቆሟል፣ የሳር ክምር አጥሩን ተደግፏል፤ ትልቁ ቤት ብቻ ገና አልተነካም። ዘመድ ሁሉ በእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ በቅል የቡና ቅጠል ይጠጣል። ሲያዩት ወሬው ቀዘቀዘ። አንድ አጎቱ ግን ቦታ እየለቀቀለት «ና ተቀመጥ፣ ንግግር ካለህ ግን ከበላን በኋላ ይሁን» አለው፤ ሰው ሳቀ፤ ሻንቆም በግድ ፈገግ አለ።

አቶ ዶላሞ ፍሙ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ትከሻቸው ወደ ፊት ወድቋል፣ እጃቸው ግን ያው ሰፊው እጅ ነው። ልጃቸውን አዩትና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉለት። ያቺ ሰላምታ ነበረች።

ጉበቱ ተጠበሰ። አቶ ዶላሞ በቢላ ቆረሱና ታላቁን ወንድማቸውን አጎረሱ። ቀጥሎ አክስቲቱን። ቀጥሎ ሌላ ቁራሽ አንሥተው ዓይናቸውን ወደ ትልቁ ቤት በር ላኩ፤ አንድ ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ሻንቆ ግን ያ ዓይን ከእሱ የሸሸ መሰለው። ሊዘሉኝ ነው አለ በልቡ። እንደ በፊቱ ሊዘሉኝ ነው። ተነሥቶ፣ በሰው እግር ላይ ተሻግሮ፣ ከአባቱ ፊት ተንበረከከ።

«አባባ፣ ዛሬ እበላለሁ» አለ ሁሉም እንዲሰማው። አፉን ከፈተ።

አቶ ዶላሞ እጃቸው ላይ ያለውን ቁራሽ አዩ። ልጃቸውን አዩ። የቤቱ ልማድ ነውና የተከፈተ አፍ አይመለስም፤ አጎረሱት። ከዚያ እጃቸው እዚያው ቆመ።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

ሻንቆ እያኘከ ራሱን ነቀነቀ።

«ጾምህስ?»

ዋጠ። «አባ ፈቅደውልኛል።»

«መፍቀድ ምንድን ነው?»

«ጾሙን አነሡልኝ። ለዛሬ። ለእርስዎ ማዕድ ሲባል።»

«ይነሣል?»

«ይነሣል።»

«አንድ ሰው ተነሥቷል ካለ ተነሣ?»

«ሥልጣን አላቸው አባባ።»

በዚህ መሀል አስካል ከትልቁ ቤት ወጣች። በሁለት እጇ በእንሰት ቅጠል የተከደነ ሸክላ ይዛለች። ወንድሟ አባቷ ፊት ተንበርክኮ፣ ከንፈሩ ላይ ስብ እያበራ ስታየው ቆመች። ቅጠሉ ከሸክላው ላይ ተንሸራተተ። ቅቤ ያልነካው ጎመን ነበር፣ ከላዩም የተቀቀለ ጎደሬ።

አቶ ዶላሞ ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እዚህ ታች ፈለቀ የሚባል ሸማኔ አለ። ወላይታ ነው፣ እንደ አንተ ካቶሊክ። በገዛ እግሬ ሄድኩበት። ‹እናንተ በዓርባችሁ ምን ትበላላችሁ?› አልኩት። ጎመን አለኝ፣ ጎደሬ አለኝ፣ ሥጋ እንዳይሆን እንጂ አለኝ። ለአስካል ሥጋ ባልገባበት ሸክላ ቀቅይ አልኳት። ዛሬ ለሁሉም ጉበት፣ ለአንተ ጎደሬ በዚህ እጄ ላጎርስህ ነበር። ሰው ሁሉ እያየ።»

«አባባ፣ እኔ አላወቅሁም።»

«አላወቅህም። እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ስድስት ዓመት ይህን ይዤ ነው የኖርኩት። ሰው ‹ልጅህ ናቀህ› ሲለኝ፣ ‹አልናቀኝም፣ ልጄ የማይነቃነቅ ነገር ይዞ ነው፤ ለእኔ እንኳ ሲል አይለቀውም› እላለሁ። አልገባኝም፤ ግን ትልቅ ነገር ነው ብዬ አከበርኩት። ዛሬ መጥተህ ይነሣል ትለኛለህ።» ወደ ፍሙ ተመለከቱ። «የሚነሣ ከሆነ ያን ጊዜ ለምን አልተነሣም?»

ሻንቆ ተንበርክኮ ቀረ። ጫማው ውስጥ የነበረው ጠጠር ይህ ነበር። ለካድሬው፣ ለነጋሽ፣ ለወንጌል አማኙ ሁሉ መልስ የነበረው ሰው፣ አባቱ ለጠየቁት ለዚህ ለአንዱ አጣ።

«ጠይቀህ ንገረኝ» አሉ አቶ ዶላሞ። «ግን ለብቻህ ሰምተህ፣ ለብቻዬ እንዳትነግረኝ። እጄን የመለስከው ሰው ፊት ነው። መልሱም ሰው ፊት ይሁን። እሑድ ወርጄ እሰማለሁ።»

ከዚያ ሸክላውን ከአስካል ተቀብለው እግራቸው ሥር አስቀመጡት። የቀሩትን ዘመዶች አጎረሱ። ጎደሬውን የነካው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ትልቁ ቤት መፍረስ ሲጀምር ሻንቆ እዚያ አልነበረም። አባ ቻይና ደጅ ነበር። ሲያንኳኳ ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ሁሉንም ቆሞ ነገራቸው። ሽማግሌው ዳቦውን አስቀመጡ።

«ያን ጊዜ አንተ ፍቀዱልኝ አላልክም» አሉ። «‹ልጽና ወይ?› ነው ያልከኝ። ዓይንህ ይነድ ነበር። ጽና አልኩህ። እምቢ ብልህ ታዝን ነበር።»

ይህ እውነት ነበር፤ ሻንቆም እውነት መሆኑን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የተናደደው።

«እኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሚነሣ መሆኑን አላውቅም። እርስዎ ያውቁ ነበር። በየዓመቱ ከጸሎት ቤቱ ምሰሶ አጠገብ ቆመው ስለ ቻይናዊቷ አያት ሲናገሩ እኔ ነኝ የተረጎምኩልዎ። እኛንስ አንድ ቀን አስበውን ያውቃሉ?»

ቄሱ ቶሎ አልመለሱም። ቢዋሹ ይሻላቸው ነበር፤ ውሸት ግን አያውቁበትም።

«የእነሱ በዓል ነው፣ ልጄ። ሺህ ዓመት የኖረ ትልቅ በዓል። ቀኑ የታወቀ፣ ሥርዓቱ የታወቀ። የእናንተው… ተሰብስባችሁ ከብት ስታርዱ እመለከት ነበር። በዓል አልመሰለኝም። እርድ ብቻ መሰለኝ።»

«አባቴ በእጃቸው ሲያጎርሱስ?»

«አላየሁም። ከመጣሁ ጀምሮ ማንም ጠርቶኝ እዚያ ማዕድ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

«እስኪጠሩ ይጠብቁ ነበር?»

አባ ቻይና ተነሡ። «ና፣ አሁኑኑ እንውጣ። አባትህን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። እኔና እሳቸው፣ አንተም እየተረጎምክ።»

ደግ ሰው ናቸው። ይህን ለመካድ የተነሣ ሰው ካለ ከእኔም ጋር ይጣላል። ዳገቱን በዚያ ጉልበታቸው ሊወጡት ነበር። ግን ደግነት ስንቱን ነገር ጓዳ ውስጥ እንደሚቀብር ሻንቆ ያኔ ገባው። ሁለት ሽማግሌ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ፤ ነገሩ ያልቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሌላ ልጅ ከዳገቱ ላይ ወርዶ «ልጽና?» ይላል።

«አይሆንም» አለ። «አባቴ ሰው ፊት ብለዋል።»

«ስብከት ላይ? ምእመናኑ ምን ይላሉ? ካድሬውስ ቢሰማ? እኛን የሚያጣላ ነገር ነው እነሱ የሚፈልጉት።»

«ይስሙ» አለ ሻንቆ። በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

እሑድ ጸሎት ቤቱ ሞላ። ከፊት የወላይታ ሸማኔዎችና ቀን ሠራተኞች፣ ከኋላ ከየገጠሩ የወረዱ አሪዎች። ሸማኔው ፈለቀ ነጠላውን አጣፍቶ ሁለተኛው መደብ ላይ ነበር። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ደጁ ላይ ጥላ አለፈ። አቶ ዶላሞ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር አስካል፣ አጎትየው፣ ሌሎችም። አልገቡም። የወንጌል አማኝ ሽማግሌ ካቶሊክ ቤት ገባ መባልን አልፈለጉም፤ ደጁ ላይ ካለው ግራር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ውስጥ አደረጉ። እጃቸው ላይ ከጣሪያ የወረደ የሳር አቧራ ነበር።

አባ ቻይና ወንጌሉን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ ምሕረት ተናገሩና እንደ ልማዳቸው ትርጉሙን ለመስማት ዝም አሉ።

ሻንቆ አልተረጎመም።

ቄሱ ወደ እሱ ዞሩ። ጠበቁ። ሰው መንጠራራት ጀመረ። ሻንቆ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ አሪዎቹ ተመለከተና በቋንቋቸው አጭር አድርጎ ነገራቸው፤ የአባቱን እጅ፣ የመለሰውን ጉርሻ፣ የራሱን ንግግር፣ የዓርቡን ጎደሬ። ስለ ራሱ ሲናገር ድምፁ አልቀጠነም። የልጅነት ጉራውን አልሸፈነም። ከኋላ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ደጁ ላይ አቶ ዶላሞ አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ በአማርኛ፣ ፊቱን ወደ ቄሱ አዙሮ ተናገረ። ጣቱ አልተነሣም፤ እጆቹን ከጀርባው አጣምሮ ይዟቸው ነበር፣ እንዳያመልጡት።

«አባ፣ ለእኔ ጥፋት እኔ መልሻለሁ፤ አባቴ ሰምተውታል። አሁን የእርስዎ ነው። ለቻይናዊቷ አያት የተነሣው ጾም ለአባቴ እጅ ሳይነሣ የቀረው ለምንድን ነው? እዚያ ያለው ማዕድ በዓል፣ እዚህ ያለው እርድ የሆነው ማን አይቶት፣ ማን ተቀምጦበት ነው? ትናንት በጓዳ የነገሩኝን እዚህ ይድገሙት፤ ከዚያ የተሻለ መልስ ካለዎትም እሱን ይስጡ። ከእነዚህ ውስጥ በሚመጣው ዓርብ አባቱ የሚጠራው ሰው አለ፤ እሱም ይስማ። ሽማግሌው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። በሁሉም ፊት ይመልሱ፣ አባ፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ሳልቀንስ እተረጉማለሁ።»